ከቡሃቃው የሚጀምር ሳይንስ

በአገራችን ብዙ ልጆች ሳይንስን የሚማሩት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በመገልበጥ ነው። «ምልከታ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ» የሚለውን ቅደም ተከተል በቃላቸው ይወጡታል፤ ነገር ግን የራሳቸውን ግምት አስቀምጠው፣ በእጃቸው ሞክረው፣ ግምታቸው ሲጸና ወይም ሲፈርስ አንድም ጊዜ ሳያዩ ክፍል ይቆጥራሉ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ ብዙው ክርክር በመምህራን፣ በመጻሕፍትና በቤተ ሙከራ እጥረት ላይ አተኮረ። ችግሮቹ እውነተኛ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ከአንድ ወላጅ አቅም በላይ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ ግን በእጃችን ነው።

በስልክ እያዩ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ ማስገንፈል ልጆችን ያስደስታል፤ አልቃወመውም። ይሁንና ልጁ አስቀድሞ «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ተብሎ ካልተጠየቀ፣ መጠኑን ለዋውጦ ልዩነቱን ካልለካ፣ ያየው ትርኢት እንጂ ሙከራ አይደለም።

ለኢትዮጵያዊ ልጅ ከሁሉ የተሻለው ሙከራ የእንጀራ ሊጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ ሊጥ በሚቦካበት ቀን ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ይዘጋጁ፤ በሦስቱም ውስጥ እኩል የጤፍ ዱቄትና እኩል ውሃ ተበጥብጦ እስከ ግማሽ ድረስ ይግባ። በአንዱ ላይ አንድ ማንኪያ እርሾ ይጨመርና ማድቤት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ያለ እርሾ ከጎኑ ይሁን፤ ሦስተኛው እርሾ ተጨምሮበት ፍሪጅ ይግባ። ልጁ የሊጡን ከፍታ በብርጭቆው ላይ በእስክሪብቶ ያስምር፣ የቱ ቀድሞ እንደሚቦካ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያም ጠዋትና ማታ በማስመሪያ እየለካ ይመዝግብ። አብዛኞቹ ልጆች እርሾ የሌለው ጨርሶ አይቦካም ብለው ይገምታሉ። እርሱም ግን ዘግይቶ አረፋ ማውጣት ይጀምራል፤ ምክንያቱም ሊጡን የሚያቦኩት ጥቃቅን ሕዋሳት በዱቄቱ ላይም አሉ፤ እርሾ ብዛታቸውን ጨምሮ ሥራቸውን ያፋጥናል እንጂ ከባዶ አይፈጥራቸውም። ፍሪጅ የገባው ደግሞ እርሾ እያለው ወደ ኋላ ይቀራል። ልጁ እዚህ ላይ «ለምን?» ሲል፣ የወላጅ ትልቁ ሥራ መልሱን ቶሎ አለመስጠት ነው።

«እኔ ሳልማር ልጄን ሳይንስ እንዴት ላስተምር?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል «ሊጡ ቀጥኗል»፣ «ቤቱ ቀዝቅዟል» ወይም «ምጣዱ አልጋለም» የምትል አያት እኮ ሦስት መላምቶች እያቀረበች ነው። የልጅ ልጇ ከሦስቱ አንዱን ብቻ እየለወጠ ቢሞክር፣ ከቀለም ትምህርቱ የተሻለ የሙከራ ሥርዓት ከእርሷ ይማራል።

ግቢ ወይም በረንዳ ያለው ቤተሰብ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተክሎ የቀትር ጥላን ይከታተል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ 6 እና በነሐሴ 23 አካባቢ፣ በቀጥታ ከአናት በላይ ታልፋለች። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት ሚያዝያን መጠበቁ ይሻላል። በዚያ ሰሞን የእንጨቱ ጥላ ከሥሩ ገብቶ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ ድረስ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ፣ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን ያርፋል። ጥላው የሚጠፋው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ሰዓታችን የተመሠረተበት የ45 ዲግሪ የኬንትሮስ መስመር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለሚያልፍ ፀሐይ ወደ እኛ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። አውሮፓ ላሉ ልጆች ተብሎ በተዘጋጀ ቪዲዮ ይህ አይገኝም፤ እዚያ ፀሐይ ከአናት በላይ አትደርስምና።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ምጣድና ከሰል አጠገብ አዋቂ ይኑር፤ ልጁ ጥላውን እንጂ ፀሐይዋን እንዳያይ ይነገረው። በረኪና ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት የቤት ሥራውን ትተው ይህንኑ የሊጥ ልኬት ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ ምንም ወጪ የለበትም። የደብረ ብርሃን ተማሪዎች ሊጥ በብርዱ ሲዘገይ የድሬዳዋዎቹ በሙቀቱ ይፈጥናል፤ ሁለት ትምህርት ቤቶች መዝገባቸውን ቢለዋወጡ፣ መምህሩ ስለ ሙቀትና ስለ ሕያዋን ሕዋሳት የሚያስረዳበት ማስረጃ ከተማሪዎቹ ደብተር ይገኛል።