ቱቦው ከመቀበሩ በፊት የፋብሪካው ውል ይፈረም

ባሕር ዳር ዛሬም በአብዛኛው የምትኖረው በጉድጓድ ሽንት ቤትና በሴፕቲክ ታንክ ነው። ስለ ዘመናዊ የፍሳሽ መስመር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ቱቦና በጀት ይሆናል፤ ፋብሪካዎች ምን ይልቀቁበት ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ከፋብሪካዎቹ ጋር የሚፈረመው ውል ከቱቦው ይቅደም ባይ ነኝ።

ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ የየቤቱን ፍሳሽ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። የቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበት ክሮም ሲበዛባቸው ሥራ ያቆማሉ። የቆዳውን ጸጉር ለማስለቀቅ የሚገባው ሰልፋይድ ደግሞ አሲድ ካለው ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሲበረታ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ማንሆል የገባ ሠራተኛ ሽታው ጠፋ ብሎ ሲረጋጋ ሊወድቅ ይችላል። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከአኩሪ አተር ማቀነባበሪያ ያመለጠ ሄክሳን (ከፍሬ ዘይት ለማውጣት የሚያገለግል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ) የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ፈንድቶ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አፈራርሷል። ቡሬም ዛሬ ዘይት የሚመረትባት ከተማ መሆኗን ለማሟረት ሳይሆን ለማስታወስ ያህል ነው የማነሳው።

ሕግ የለም አይባልም፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አለ፣ የኢንዱስትሪ ብክለትን የሚመለከት ደንብ 159/2001 አለ። ከተማው የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ ፋብሪካ ጋር የሚፈራረመው ውል ነው። ውሉ ላይ ደግሞ አንድ ቀዳዳ መደፈን አለበት። ወሰኑ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሮም ነው እንበል። ፋብሪካው በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያወጣል፤ በሊትር 10 ሚሊግራም አለው። 400 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ቢጨምርበት ልኩ 2 ላይ ያርፋል፣ ተቆጣጣሪው ፈርሞ ይሄዳል። ክሮሙ ግን ያው 1 ኪሎ ነው! ወተት በውኃ ከሚያበዛ ነጋዴ በምን ይለያል? ያውም የመጠጥ ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት አገር። ስለዚህ በቀን የሚለቀቀው ጠቅላላ ኪሎ ይገደብ፤ ክፍያውም በኪሎ ይሁን።

ባለሀብት ይሸሻል የሚሉ አሉ። ባለሀብትን የሚያሸሸው ፋብሪካውን ከጨረሰ በኋላ የሚመጣበት ደንብ ነው። አስቀድሞ ካወቀ የማጣሪያ ገንዳውን ፕላኑ ላይ ያስገባዋል። ለነባሮቹ ቀኑ የተቆረጠ የእፎይታ ጊዜ ይሰጣቸው።

ናሙና የሚቀዳበት ማንሆል ደግሞ ከአጥር ውጭ፣ መንገድ ዳር ይሁን። ተቆጣጣሪው ጥበቃ ሳያስፈቅድ፣ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ሳይባል፣ ሌሊትም ክረምትም መቅዳት መቻል አለበት።