የአድማጭ ተዝካር

ሙዚቀኛ ሲሞት የመታሰቢያ ኮንሰርት ማዘጋጀት የተለመደ ነው። አድማጭ ሲሞትስ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ ኢርቪንግ ስቶን የሚባል ሰው አረፈ። ዝናው የመጣው ከመጫወት ሳይሆን ከመስማት ነው። ሌላው "ይሄ ደግሞ ምን ጩኸት ነው?" ብሎ የሚሸሸው ዓይነት የሙከራ ጃዝ ሲቀርብ እሱና ባለቤቱ ስቴፋኒ አይቀሩም ነበር። ሲሞት ወዳጆቹ ሙዚቀኞች ተሰብስበው ተጫወቱለት። ዝግጅቱም ተቀርጾ በሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ዞርን ኩባንያ፣ በጻዲቅ በኩል በአልበም ወጣ። (ስሙ ዕብራይስጥ ነው፤ ከእኛ "ጻድቅ" ጋር ሥሩ አንድ ነው።)

ለአንድ ታዳሚ አልበም ማሳተም አልበዛም ወይ የሚል አይጠፋም። እኔ እንዲያውም አነሰ ባይ ነኝ። ይህ ሙዚቃ አብዛኛው እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ከሌለ ልምምድ ሆኖ ይቀራል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩ ይገባዋል። "ተቀበል!" ብሎ ግጥም የሚወረውር ከሌለ ማሲንቆው ብቻውን ምን ያህል ይሄዳል? ስቶን ግን ግጥም አልወረወረም፤ የሰጠው ጆሮውን ነው። የቅጂው ችግርም እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታን ማን ይቀርጻል?

ለዚህ ነው ከአልበሙ ይልቅ ቀጥሎ የመጣውን መታሰቢያ የምወደው። ዞርን እ.ኤ.አ. በ2005 ማንሃተን ውስጥ፣ አቬኑ ሲ ላይ አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ቤት ከፍቶ "ዘ ስቶን" አላት። መጠጥ አይሸጥባትም፣ ምግብ የለም። በር ላይ የሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ በሙሉ የተጫዋቾቹ ነው፤ አዝማሪ ግንባር ላይ እንደሚለጠፍ ብር፣ ከአድማጭ እጅ በቀጥታ። መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ሙዚቀኛን የሚመዝነው በተከፈተው ጠርሙስ ልክ ነው፤ ሃያ ሰው ብቻ የሚሰማው ሙዚቃ እዚያ ዕድሜ የለውም። በዚያው ሰፈር የዚህ ሙዚቃ መናኸሪያ የነበረው ቶኒክ የተባለው የሙዚቃ ቤት እንኳ ኪራይ ከብዶት እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘግቷል።

ዘ ስቶን እ.ኤ.አ. በ2018 አቬኑ ሲን ለቅቃ ኒው ስኩል ወደተባለው ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ስሟን ግን ይዛ ነው የሄደችው። ድንጋይ ማለት ለሚመስለው፣ የአድማጩ ስም ነው።