ገመናችንን በመስኮት አትጩኹብን

ዝም ብዬ ብዙ ቻልኩ፤ ዛሬ ግን ልናገር ነው። እዚህ ደሴ የሰው በሽታ ከታማሚው ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ሐሜተኛ ስለበዛ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያወራው ሕክምና የሄድንበት ቦታ ራሱ ነው።

ካርድ የሚወጣበት መስኮት ጋ ቆማችሁ አድምጡ። በቀደም አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ ቀረቡ። ውስጥ ያለው ልጅ "እማማ፣ የቲቢ መድኃኒቱን መቼ ነው የጀመሩት?" ብሎ ጮኸባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉና ዝም አሉ። ከተሰለፍነው ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ሰዎች ነን! ቲቢ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱት የሚድን በሽታ ነው። የቅሬው (የእድሩ) እና የቡናው ሰው ግን ይህን አይጠይቅም፣ ሲኒያቸውን ይለይባቸዋል። ሰው እንዲህ ከተዋረደ ቀጠሮውን ቢቀር ይፈረድበታል?

ታብሌት ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ መረጃ የሚሰበስቡት ደግሞ አሉ። ቡና ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ "ኤችአይቪ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ? ጽንስ ወርዶብሽ ያውቃል?" ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ "ለጥናት ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚልን"። ላንብበው ስል "ፎርማሊቲ ነው" ተባልኩ። መረጃው ማን ጋ ይቀመጣል? ስልክ ቁጥሬ ለምን አስፈለገ? እምቢ ብል ምን ይቀርብኛል? ለአንዱም መልስ የለም። የምትጠይቀኝ ልጅ ላይ አልፈርድም፤ እሷም ይህን ያህል ቤት ሙሊ ተብላ የተላከች ናት። የላኳት ናቸው ሊጠየቁ የሚገባቸው። ጎረቤቶቼ እኮ እምቢ ካልን ጤና መድህኑ ወይ እርዳታው ይቀርብናል ብለው ፈርተው ነው የሚፈርሙት። በፍርሃት የተፈረመ ፊርማ ፈቃድ አይደለም።

የምርመራ ውጤት በሞባይል አንስቶ ከነስሙ ከነቀበሌው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚለጥፈውን ባለሙያማ ምን ልበለው! ምክር መጠየቁ ደግ ነው፣ ስሙን ግን ሸፍነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወታችን እንዲከበር ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። የሰጠነውን ፈቃድ መልሰን ማንሳት እንደምንችልም ይላል። ይህን ለእናቶቻችን የነገራቸው ማን ነው?

መረጃ አትሰብስቡ አላልኩም። ቆላው ላይ ወባ ሲነሳ የትኛው ቀበሌ እንደታመመ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይደርስም። ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። በሩን ዝጉ። ማንበብ ለማይችለው ወረቀቱን አንብቡለት፣ በሚገባው አማርኛ አስረዱት። ስምና ስልክ ለጥናቱ ካላስፈለገ አትጻፉ። እምቢ ያለውን ሳትቆጡ፣ ስሙን ለቀበሌ ሳታቀብሉ ተሰናበቱት። ቤቴ ስትመጡም ቡናውን አብረን እንጠጣ፤ ጥያቄውን ግን ጎረቤት ሲወጣ፣ ብቻዬን ስሆን ጠይቁኝ።