ኮሜንቱን ማን ያነበዋል?

የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የፌስቡክ ገጽ ላይ ስገባ መጀመሪያ የማየው ፖስቱን ሳይሆን ኮሜንቱን ነው። ከላይ የስብሰባ ፎቶ አለ፣ ሪባን ሲቆረጥ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ከሥሩ ሰው ሌላ ይጠይቃል፦ ውሃ ከጠፋ ሳምንት ሆነን፣ ፋይሌ የት ደረሰ፣ የሰጣችሁን ስልክ አይነሳም። የሚመልስ የለም። በማግስቱ ሌላ ፎቶ ይለጠፋል። ከዚያ በሪፖርት ላይ "ሕዝቡን በማኅበራዊ ሚዲያ አሳትፈናል" ይባላል። ይሄ ማሳተፍ አይደለም፣ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው።

በስፔን፣ ግራናዳ አጠገብ፣ ሁን የምትባል 3,500 ገደማ ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ አለች። ከንቲባዋ የነበሩት ሆሴ አንቶኒዮ ሮድሪገስ ነዋሪው ጉዳዩን በትዊተር እንዲነግራቸው አደረጉ። እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ፖሊሱም፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም አካውንት ነበራቸው። አንድ ጊዜ አንድ ነዋሪ የመንገድ መብራት መበላሸቱን ጻፈ። ከንቲባው ነገ ይሠራል ብለው መለሱ፣ የሚሠራውንም ሰው እዚያው ታግ አደረጉት። በማግስቱ ሠራተኛው የተጠገነውን መብራት ፎቶ ለጠፈ። አለቀ። ማን እንደጠየቀ፣ ማን እንደታዘዘ፣ ማን እንደሠራ ሁሉም ሰው አየ፤ እንዲህ ሲሆን ዝም ማለት ያሳፍራል፣ የሠራም ይመሰገናል።

ትንሽ ከተማ ስለሆነች ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሚኒስትር ቁጭ ብሎ ለሚሊዮን ሰው አይመልስም። ችግሩ ግን የሰው ብዛት ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ቦታ ገጹን የሚይዘው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። ፎቶ የመለጠፍ ሥልጣን አለው፣ የጠፋ ፋይል የማስፈለግ ሥልጣን ግን የለውም። ታዲያ ምን ብሎ ይመልስ?

ከዝምታ የሚብሰው ደግሞ ኮሜንት ማጥፋትና ሰው ብሎክ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳለው፣ ባለሥልጣኑ በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ካለውና በዚያ ሥልጣን እየጻፈ ከሆነ፣ በግል ገጹ ላይ እንኳ ብሎክ ማድረጉ የመንግሥት ድርጊት ሆኖ ይቆጠራል። ተገቢ ነው። ስድብና ዛቻ ይጥፋ፣ እሺ። "ውሃ የለንም" ያለን ሰው ግን በምን ሒሳብ?

ስለዚህ ገጽ ያላችሁ መሥሪያ ቤቶች፣ ኮሜንት ለሚያነበው ሠራተኛ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል የሚመራበትና በሁለት ቀን ውስጥ መልስ የሚቀበልበት ሥልጣን ስጡት። መልሱ "አልተቻለም" ቢሆንም እዚያው፣ ከጥያቄው ሥር ጻፉት።