እምቦጭ ለጓሮ የዓሣ ኩሬ አይሆንም
እምቦጭ ያለ አፈር ስለሚያድግና ውኃ ስለሚያጠራ ለአዲስ የዓሣ ኩሬ ተመራጭ ነው፤ በግቢ አጥር ውስጥ እስካለ ድረስም ጉዳት የለውም የሚል ምክር በስፋት ይደጋገማል። ከውኃው ንጥረ ነገር መሳቡስ እውነት ነው። አጥር ግን አያግደውም፤ በአቃቂ አካባቢ በክረምት ሞልቶ የሚፈስ ኩሬ ቅንጣቢውን ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብና ወደ አዋሽ ሊያደርሰው ይችላል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በኩሬው ውስጥም ቢሆን የውኃውን ገጽ ሲሸፍን ኦክስጅን ስለሚቀንስ ዓሣዎቹን ለመታፈን ያጋልጣል። ሻጩ በሰጠው ስም ከመተማመን (ስሙ እንደ ገበያው ይለዋወጣል) የቅጠሉን አገዳ ሰንጥቆ ማየት ይሻላል፦ ያበጠና እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ፣ አበባውም ፈዛዛ ሐምራዊ ከሆነ እምቦጭ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። በምትኩ የውኃ ሊሊን ፍግ ባልገባበት ዋልካ አፈር በባልዲ ተክሎ፣ አፈሩን በጠጠር ሸፍኖ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።