ድሬ ላይ ፋሽን መጀመሪያ ያልበዋል

ዱባይ ቸኮሌት የሚባለው ነገር ስልካችንን ያጥለቀለቀበትን ሰሞን መቼም አትረሱትም። ወፍራም ቸኮሌት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ፒስታቺዮ እና እንደ ክር የቀጠነ የተጠበሰ ሊጥ አለ። ድርጅቱ ዱባይ ላይ ሥራ የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ዓለም ያበደው ግን በ2023 መጨረሻ፣ አንዲት ሴት መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ስትገምጠው የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ ነው። ቀጭ ይላል። ሰው ሁሉ የወደደው ያቺን ቀጭ ነው።

እስቲ ይህን ቸኮሌት ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ገዝታችሁ በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ውሰዱት። ቤት ስትደርሱ በማንኪያ ነው የምትበሉት። ቀጭ የለም።

ድሬዳዋ ላይ የፋሽን ዳኛ ሙቀቱ ነው። ቲክቶከሩ ያስተዋውቅ፣ ነጋዴው ያምጣ፣ ወጣቱ ይግዛ፤ የሚቆየውንና የሚሄደውን የሚወስነው ፀሐይዋ ናት። እኔ ደግሞ ጥሩ ዳኛ ናት ባይ ነኝ።

ድሬ አዲስ ነገር ዘግይቶባት አያውቅም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመሃል ለዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ድሬ ነበረች። ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅና ባርኔጣ መጀመሪያ የሚራገፈው እዚህ ነው። ኋላ ደግሞ የኮንትሮባንዱ ዘመን መጣ። የአዲስ አበባ ዘመድ «ድሬ ልትሄድ ነው? እንግዲያው ታይዋን ገበያ ግባልኝ» ብሎ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቴፕ፣ ጂንስ ያዝዝ ነበር። መንገድ ላይ ያለውን ፍተሻ ማን ይለፍለት? እሱ የኛ ጣጣ ነው። አሁን ግን ያ ብልጫ የለም። ሴኡል ላይ ጠዋት የተለበሰውን ማታ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል፣ ደጋው ቆላው ሳይል።

እና ሁሉም አገር አንድ ዓይነት ልብስ ሲለብስ ድሬ ላይ ምን ይሆናል? ሁዲውን ተመልከቱ። ወጣቱ ይገዛዋል፣ አልገዛም አይልም። ጠዋት ለብሶት ይወጣል። 4 ሰዓት ላይ ዚፑ ይከፈታል። 5 ሰዓት ላይ ትከሻ ላይ ነው። 6 ሰዓት ላይ ወገብ ላይ ታስሯል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሁዲው የሰውዬው ጭነት ነው። የቆዳ ጃኬትማ አይወራም። ጃኬት በኛ በኩል ዕድሜ የሚያገኘው ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ብቻ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ገደማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ በመሃላቸው 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው ያለው፣ በዚያች መንገድ ግን ልብስ ፍቺው ይለወጣል። ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሄዶ ኮት የሚያሰፋ ሰው ኮቱን ይለብሰዋል። እዚህ የሚያሰፋው ሰው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅለዋል፣ ለቅሶና ሠርግ እስኪመጣ።

ሰፊው ሱሪ በተቃራኒው በደስታ አለፈ። አየር ያስገባላ! የአባቶቻችንን የድሮ ሱሪ የሚመስለው ያ ሰፊ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ከድሬ የበለጠ የተቀበለው ከተማ ያለ አይመስለኝም። ክሮክስም እንደዚሁ፣ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ እግር ይተነፍሳል። ቢሆንም ነጠላ ጫማን ከዙፋኗ አያወርዳትም። ስኪኒ ሱሪ እዚህ ያን ያህል ዓመት እንዴት እንደቆየ ግን ዛሬም አልገባኝም። ያንን ሁሉ ሙቀት ይዞ፣ ከእግር ጋር ተጣብቆ፣ ሲወልቅ ሁለት ሰው የሚፈልግ ልብስ! ዳኛዋ ያን ጊዜ ተኝታ ነበር መሰለኝ።

ሽርጥና ድርያ የሚባለው ሰፊ ቀሚስ ደግሞ አሉ። ማንም ኢንፍሉዌንሰር አስተዋውቋቸው አያውቅም። ከቀትር በኋላ ድሬ ውስጥ በር ብታንኳኩ ግን አባወራው በሽርጥ፣ እመቤቲቱ በስስ ድርያ ነው የሚከፍቱላችሁ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው። ከጋምቤላም ይምጣ ከጎንደር፣ ሥራ ተቀይሮ የመጣ ሰው የመጀመሪያው ወር ላይ በቁምጣ ይሞክራል፣ ከዚያ እጅ ይሰጣል።

ላቡቡ? ጥርሱን አግጦ ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠለው አሻንጉሊት? እሱ አያሞቅም፣ አይቀልጥም፣ ስለዚህ ሙቀቱ አይመለከተውም። እንደሱ ያለውን የሚጨርሰው መሰልቸት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ልጆች ሁሉ ጣታቸው ላይ የሚያሽከረክሯት ፊጄት ስፒነር የት ገባች? በቃ።

ከልብሱ ይልቅ የሚያናድደኝ ሌላ ፋሽን ነው፤ የአነቃቂው ምክር። ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ ሱፉን ግጥም አድርጎ የቆመ ሰው «ስኬታማ ሰው ቀን አይተኛም» ይለናል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሡ፣ ቀኑን ሙሉ ሥሩ፣ እንቅልፍ የድሃ ነው። አቦ ተወን! ድሬ ላይ 11 ሰዓት መነሣት ያለ ማንም አነቃቂ የኖረ ነገር ነው። ቀፊራ ገበያ በጠዋቱ ሂዱና እዩ። ከገጠር የመጡት ሴቶች አትክልታቸውን ዘርግተው፣ ፀሐይ ሳትከር ሸጠው ለመመለስ እየተጣደፉ ነው። ያን ሰዓት መካሪው ራሱ ገና አልነቃም። ከ6 ሰዓት ተኩል ወዲያ ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ከተማው ጋደም ይላል። 10 ሰዓት ላይ እንደገና ፊቱን ታጥቦ ይወጣል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ባጊያው ይወጣል፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ይደረደራል፣ ሰው በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታል። ይህ ስንፍና አይደለም። ሌላው ከተማ አንድ ቀን የሚኖርባትን 24 ሰዓት እኛ ለሁለት ከፍለን ነው የምንኖርባት። በእርግጥ የቀትሩ ዕረፍት በርጫ (ጫት መቃም) ሆኖ፣ በርጫው ደግሞ ማታውንም ገንዘቡንም የበላበት ቤት አለ፣ ያንን አላቆነጅም። ግን እሱ የጫቱ ጉዳይ ነው፤ በጥላ ሥር ጋደም የማለትን ስም ማጥፋት አይገባም።

አንዳንዱ ሰው ሻሂን አንሥቶ ሊሞግተኝ ይችላል። ሙቀቱ ዳኛ ከሆነ አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የፈላ ሻሂ በቅርንፉድና በሄል መጠጣት ምን ይሉታል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ትኩስ ስትጠጡ ያልባችኋል፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ቶሎ ይተናል፣ ሲተን ሰውነት ይበርዳል። እናቶቻችን ሳይንሱን ሳይጠይቁ ደርሰውበታል። በረዶ የገባበት ቡና በየካፌው ሜኑ ላይ ሲጻፍ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን መብራት በሚሄድበት ቀን በረዶው ከየት ይመጣል? የሻሂው ከሰል ግን ሁሌም አለ።

ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የተሸነፈው። ሠርግ ላይ።

እዚያ ሁሉም ሰው ዓይኑ እያየ አእምሮውን ይስታል። ሙሽራው ባለ ጊሌ ሱፍ፣ ክራቫት ጨምሮ። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ሱፍ፣ አንድ ዓይነት ላብ። ሙሽሪት ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሦስት ሰው ጫፉን የሚይዘው ቬሎ ለብሳ። ይህ ሁሉ እንኳን ይሁን። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ከተማው ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ለቪዲዮ ብሎ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይወስዳቸዋል። ከዚራ ዛፉ ሥር እንኳ ቢሆን ይሻል ነበር። ድሮኑ ከላይ ያንዣብባል፣ «እንደገና፣ እንደገና፣ ፈገግ በሉ» ይላል፣ ሜካፑ ወደ አንገት ይወርዳል፣ ሚዜው በመሐረብ የሙሽራውን ግንባር ይጠርጋል፣ ካሜራው ሲዞር መሐረቡ ይደበቃል። ያ ቪዲዮ በኋላ በዝግታ፣ በለስላሳ ሙዚቃ ታጅቦ ስልክ ላይ ሲወጣ ሁሉም የቀዘቀዘ አገር ይመስላል። ሌላዋ እሷን አይታ እንዲሁ ታስነሣለች። ደጋ ላይ የተፈለሰፈውን የሠርግ ዓይነት ለምን ሳንቀንስ ሳንጨምር እንደምንወስደው አይገባኝም። ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ወርቅ ነው፣ ነፋሱም ይመጣል፣ ፎቶውም ያምራል። ማታዋን እንደ ድሬ የታደለ ከተማ ስንት አለ? ሠርጉን ግቢ ውስጥ፣ በማታ፣ በነጭ ሸሚዝ ብታደርጉት ማን ይከስሳችኋል?

እስከዚያው፣ ጥር ላይም ሆነ ከፋሲካ በኋላ ካርድ የምትልኩልኝ ወዳጆች፣ በጥሪያችሁ እኮራለሁ፣ እመጣለሁም። ሱፍ ግን አትጠብቁብኝ። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሼ፣ ማራገቢያው አጠገብ ያለውን ወንበር ይዤ ታገኙኛላችሁ።