አመዱ ሳይታጠብ

በዚህ ጥር ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ተራራ ግርጌ፣ እሳት የበላው ቁልቁለት ላይ ወጥቼ ነበር። ቦታው ትንሽ ነው። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ፊቴን አይተው «አይዞህ ልጄ፣ አመዱ ማዳበሪያ ነው። ዝናብ ጠብ ሲል ሳሩን ታየዋለህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቀሪው ግማሽ እውነት ግን እንቅልፍ ይነሳል።

እንጨትና ቅጠል ሲቃጠል ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። የአፈሩንም አሲድ ለጊዜው ይቀንሳሉ። አሞኒየም የሚባለው፣ ተክል ቶሎ የሚወስደው ናይትሮጅንም ይበዛል። ሳሩ የሚለመልመው በዚህ ነው። ከቅጠሉና ከብስባሹ ናይትሮጅን አብዛኛው ግን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ተንኖ ከጭሱ ጋር ሄዷል። የተረፈው አሞኒየም ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ናይትሬት ይቀየራል። ናይትሬትን አፈር አይዘውም፤ ውሃ በሄደበት ይሄዳል። በደህና ደን ውስጥ ሥሮች ይሻሙበታል። እዚህ የሚሻማው ሥር ሞቷል። ስለዚህ ከሥር በታች ይሰርጋል፣ ምንጭና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ፖታሲየሙም ከአመዱ በቀላሉ ታጥቦ ይወርዳል።

በሸዋ ደጋ አፈር ከምሮ የማቃጠል፣ ጋይ የሚባል ልማድ ነበር። ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ያምርና መሬቱ ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል።

አመዱን በእጄ ገለጥ አድርጌ ከያዝኩት ሃይላንድ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረግኩ። አልሰረገም። እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ቁልቁል ተንከባለለ። ከተቃጠለው ቅጠል የሚወጣ ሰም መሰል ነገር አፈሩ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ አላስገባ ይላል። ጥቂት እርምጃ ርቄ፣ እሳት ያልነካው ጽድ ሥር ያንኑ ያህል አፈሰስኩ። አፈሩ ወዲያው ጠጣው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። መሃላቸው የቦርከና ወንዝ አለ። ከደሴው ጦሳ ተራራም ከየጎፍም የታጠበ አፈር ማረፊያው እዚያ ነው።

እኛ ከእሳት በኋላ የምናደርገው ያሳዝነኛል። የከሰለውን ግንድ ለቅመን እንሸጣለን፤ ሳሩ ብቅ ሲል ከብት እንነዳለን። ባህር ዛፉ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ደግሞ «አገገመ» እንላለን። ጽድ ግን አንዴ ከነደደ ከጉቶው አይነሳም። እኔ የምለው ቀላል ነው፦ የወደቀው ግንድ እዚያው ይቆይ። ቁልቁለቱን አግድም ተጋድሞ መሬቱን ይንካ፣ አፈሩንም ያስቀርልን። ከብት ቢያንስ ሁለት ክረምት አይግባ። ሳሩን አጭዶ መውሰድ ይቻላል። ይህ ሁሉ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል መጀመር አለበት፤ አመዱን የሚወስደው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነውና።

ይህንኑ ለአባት ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «ማጭድ አለኝ። ግን ሌላው ከብቱን እየነዳ እኔ ብቻዬን ባጭድ ምን ይረባል?» አሉ።

ልክ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለቀበሌውና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነው። የተቃጠለውን ቦታ ማን እንደሚያጭድ፣ ሳሩ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ከብት ያስገባ ምን እንደሚከፍል፣ የካቲት ሳይገባ ተሰብስባችሁ ወስኑልን።